አስተርጓሚ የበላው ሙግት

ይጁቤ ላይ ወልደ ሩፋኤልን «አንደበተ ርቱዕ» ብሎ የሚያወድስ ሰው ካለ ጠቡ ከእሳቸው ጋር ነው። ጠጁን እንደ ተቀዳ ትተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። የማያውቅ ሰው «ምን ነካቸው? ሰው ተመስግኖ ይቆጣል እንዴ?» ይላል። ይቆጣል እንጂ! የእሳቸው የደረሰበት ማንስ ቢሆን አይቆጣም?

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ከርመው፣ ድቁናውን ትተው ወደ ሙግት የገቡ ሰው ናቸው። ከይጁቤ እስከ ደጀን የርስት ነገር የገጠመው ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ዳኛ ፊት ሲቆሙ ገበያተኛው ግዢውን ትቶ ሊሰማቸው ይመጣል። ያን ስም ያወጣላቸውም ይኸው ሰው ነው። ይወዱታል፤ መደበቁ ምን ያደርጋል! ሲጠሯቸው እንዳልሰሙ ሆነው ጢማቸውን ይዳስሱ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በከተመ በሁለተኛው ዓመት ጎረቤታቸው ሐምዱ ተያዘ። ሐምዱ ነጋዴ ነው፤ መርፌ፣ ክር፣ ጨው፣ ኩል ይሸጣል። ኩሉን የሚሸጠው ባዶ የጥይት ቀለሃ ውስጥ ሞልቶ፣ አፉን በእንጨት ወትፎ ነው። ያን ጊዜ ቀለሃ እንደ ጠጠር የትም ይለቀም ነበርና ሴቱ ሁሉ ኩሉን የሚያስቀምጥበት እሱ ነው። ባንዶች ግን ስልቻውን በርብረው አርባ ቀለሃ ቆጠሩ። ከፍተው አላዩም፤ ቆጠሩ ብቻ። «ባሩድ ሞልቶ እንዲተኩስበት ለሽፍታ ሊያቀብል ነው» ብለው የፊጥኝ አሰሩት። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። እንዲህ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ፍርዱ ገመድ ነው።

ሚስቱ ነፊሳ ወልደ ሩፋኤል ደጅ ወደቀች። ሌላ ማን አላት? እሳቸውም አላመነቱም፤ በቅሏቸውን ጭነው አብረዋት ደብረ ማርቆስ ገሠገሡ።

ችሎቱ በጣሊያኑ ግቢ ነበር። ነፊሳን ከበር መለሷት። ሐምዱ ታስሮ እንደ ቆመ፣ አሥመራ ቆዳ ሲያመላልስ የለቃቀማት ጣሊያንኛ እንዳለችው፣ ራሱ ትንሽ ቢናገር እንደሚሻል በጆሯቸው ነገራቸው። ወልደ ሩፋኤል ተቆጡት። ነገር በተሰባበረ አፍ አይቆምም፤ ጠበቃ ያቆመ ሰው ዝም ይላል አሉት። ሐምዱም ዝም አለ።

ከጠረጴዛው ኋላ ጣሊያኑ መቶ አለቃ፣ ካጠገቡ አስተርጓሚው ፍቅረ ሥላሴ ተቀምጠዋል። ፍቅረ ሥላሴ ያገር ልጅ ነው፤ ወግ ያሳደገው የሰው ልጅ። ያ ልጅ እግሩን አነባብሮ አባቱ የሚሆኑትን ሰው «ተናገር አንተ» አላቸው። ዋጡት። የሰው ነፍስ ይዘው ቆመው ምን ያድርጉ?

እንደ ወጉ ጀመሩ። በጎጃም ሸንጎ ደህና ተሟጋች ክሱን ፊት ለፊት አይገፋም፤ መጀመሪያ እንደ እውነት ይቀበልና ከሳሹን በገዛ ክሱ ያስረዋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

«ይሁን፤ ሐምዱ ቀለሃውን ለሽፍታ አቀብሏል ልበል» አሉ። «እንዲህ ካልሁ፣ ኩሉን ማን ሞላበት? ሽፍታ ጠላቱን ኩል ሊኳል ነው የሚተኩሰው?»

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ከፍትሐ ነገሥቱ ጠቀሱ፣ ኩል የገዙትን ሴቶች በየስማቸው ምስክር ጠሩ፣ የሐምዱን አባትና አያት ደግነት አነሡ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ዘበኞቹ ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ሰሟቸው።

ፍቅረ ሥላሴስ? ምን ቸገረው! የመጀመሪያዋን ቃል ሰምቶ ወደ መቶ አለቃው ዘንበል አለና አንድ ነገር ጣል አደረገ። የቀረውን ሁሉ ጥፍሩን እየጠረገ አሳለፈው። ሲጨርሱ ሁለት ቃል ጨመረ፤ በቃ። መቶ አለቃው ጻፈ፤ ፈገግ ብሎም ተናገረ።

«አንደበተ ርቱዕ ነህ ይልሃል» አላቸው ፍቅረ ሥላሴ።

ወልደ ሩፋኤልም ደስ አላቸው። አዎ፣ ደስ አላቸው! ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ጋሼ፣ እጅ አይንሡ» አላቸው ሐምዱ ከኋላቸው። «ይህ አስተርጓሚ፣ ጠበቃው ራሱ አቀብሏል ብሎ አመነ ነው ያለው። የቀረውን፣ ምሕረት ይለምናል ብሎታል።»

ሽማግሌው ፍቅረ ሥላሴ ላይ ጮሁበት፤ ያሉትን ከሥሩ እንዲመልስ አዘዙት። እሱ ግን ቅንድቡንም አላነሣ፤ አቀብሏል አላልህምን ብሎ ጠየቃቸው። ብለዋል! የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ዘበኛ ዘንጋቸውን ነጥቆ ወደ ግድግዳው ገፋቸው።

ያን ጊዜ ሐምዱ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ቀለሃ በአገጩ እያሳየ በዚያችው በተሰባበረች ጣሊያንኛ ተናገረ። ክፈት አለ። ኩል፣ ሴት፣ ዓይን፣ ገበያ አለ። ሌላ ቃል አልነበረውም። መቶ አለቃው የአንዱን ውታፍ ነቀለና ጣቱ ጠቆረ። ጣቱን አይቶ ሳቀ፤ እየሳቀም ገመዱን ሰረዘ። ነገር ግን የጠበቃው የእምነት ቃል ተጽፏልና እንዲያው አይለቀቅም ተባለ። አምስት ዓመት እስራት ፈረደበት። የሰውን ዕድሜ እየሳቁ!

ከበሩ ውጭ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር፤ ጣሊያኑ ራሱ አድንቋቸዋል፣ ሐምዱም ከስቅላት ድኗል ተብሏል። ነፊሳ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

«ጋሼ፣ ነፍሱን አተረፉልኝ፤ አፍዎን ይባርከው» አለች እያለቀሰች።

ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም። ወልደ ሩፋኤል ግን ክንዷን ይዘው አነሧት።

«ያዳነው የገዛ አፉ ነው። በጣሊያንኛ ነገራቸው። አምስቱን ዓመት ያስፈረድሁበት እኔ ነኝ» አሏት።

ነፊሳ እንባዋን ጠረገች። ክንዷንም ከእጃቸው አስለቀቀች።

«ታዲያ መጀመሪያውን እሱ ራሱ እንዲናገር ለምን አልተዉትም?» አለቻቸው።