ሲያዳምጧት የምትነሳው ቦርድ

ቪዶሳቫ የሬዲዮ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት በመፈተሻ ጠረጴዛ ላይ ሠርታለች። ከዚያ ይዛው የወጣችው አንድ ልማድ ነው፤ የጠገነችው ነገር አሥር ጊዜ ተከታትሎ ካልተነሳ ዳነ አትልም። በአሪልዬ ኮረብታዎች ያሉ እንጆሪ ገዢዎች በዚህ ልማዷ ያሾፉባታል፤ ማሽናቸው ሲያምፅ ግን የሚያንኳኩት የእሷን በር ነው።

በዚያ ሐምሌ ከእንጆሪ ገዢዎቹ አንዱ፣ አበልጇ ሚሎዬ፣ መዳፍ የምታክል ቦርድ በፎጣ ጠቅልሎ ሁለት ጊዜ አመጣላት። የማቀዝቀዣ መጋዘኑን ኮምፕሬሰር የምታዘው ኮምፒውተር ይህች ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ መነሳት ትጀምርና መሀል ላይ ቀጥ ትላለች። ቪዶሳቫ ጠረጴዛ ላይ ግን አሥሩንም ጊዜ ተነሳች።

«አበልጄ፣ አንቺን ስታይ ጨዋ ትሆናለች» አለ ሚሎዬ።

«ያንተ ቤት ምን አይታ ነው የምትባልገው? እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

በሦስተኛው ጊዜ ግን ስልክ ደወለ። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄዶ መጥቷል፤ ቦርዷ እንደገና ተገትራለች፤ የሠላሳ ገበሬ እንጆሪ በግቢው ተደርድሯል። ጧት የተለቀመ እንጆሪ በዚያ ሙቀት እስከ ማታ ካልቀዘቀዘ ጭማቂ ነው የሚሆነው።

ቪዶሳቫ ስትደርስ ከገበሬዎቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው ኦብሬኒያ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣለች።

«ቶሎ በይ እንጂ! እንጆሪዬ ማርመላታ ሊሆን ነው!»

«እትዬ ኦብሬኒያ፣ እስከዚያ ስኳሩን ያዘጋጁ።»

ቦርዷ ስትነሳ የምትሠራውን ሁሉ መስመር በመስመር ትጽፋለች፤ ገመድ የሰካ ሰው በላፕቶፑ ያነበዋል። ቪዶሳቫ ገመዷን ሰክታ መብራቱን አጥፍታ አበራች። ቦርዷ ተነሳች። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። ቪዶሳቫ ገመዱን ነቅላ እንደገና አጥፍታ አበራች። ቀጥ! ሰካች፣ ተነሳች። ነቀለች፣ ቆመች።

«ተሰክቶ ይቅር በቃ!» ጮኸ ሚሎዬ።

«የላፕቶፔ ባትሪ ሞቷል። መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው፤ ያኔ ተመልሳ ትቆማለች። ሩብ ሰዓት ስጠኝ።»

ሚሎዬ ወደ ኦብሬኒያ ዞረ። ኦብሬኒያ ፀሐይዋን አየች፣ ሣጥኖቿን አየች። «ሩብ ሰዓት፤ አንድ ደቂቃ አትጨምሪም።»

ቪዶሳቫ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አሰበች። ገመዱ ምንድን ነው የሚለውጠው? ቦርዷ ስትነሳ ሦስት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ በዚያ መሀል በገመዱ በኩል የላፕቶፕ ቁልፍ የነካ ሰው ካለ መነሳቱን አቋርጣ ትእዛዙን ትጠብቃለች። ገመዱ ሲሰካ መስመሩ ጸጥ ይላል። ሲነቀልስ? ገመዱ የሚሰካበት፣ ከቦርዷ የወጣው ሽቦ ጫፉ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዓይኗ ያን ጫፍ ተከተለ። ሁለት ስንዝር የሚሆን ቀይ ሽቦ፣ እንጆሪው እየዞረ ከሚለቀምበት የመለያ ቀበቶ ሞተር ገመድ ጋር ተጠጋግቶ ወርዷል። ቀበቶው ደግሞ መብራት ሲመጣ ከቦርዷ እኩል ነው የሚነሳው።

«ሚሎዬ! ቀበቶውን አጥፋና መብራቱን መልስ!»

ያለ ገመድ ተነሳች። ቀበቶው በርቶ ሲደግሙት መሀል ላይ ቆመች። ጠፍቶ ሲደግሙት ተነሳች።

«አልታመመችም እኮ!» ቪዶሳቫ በደስታ እጇን አወናጨፈች። «ሞተሩ ሲነሳ የሚረጨው ረብሻ በዚህ ሽቦ ይገባል፤ እሷ ሰው ቁልፍ የነካ ይመስላታል። ይኸው እስካሁን ትእዛዝ ስትጠብቅ! እኔ ቤት ቀበቶ የለም፣ ለዚህ ነው!»

«ሽቦውን ያንጠለጠለው የትኛው ሞኝ ነው ታዲያ?» አለች ኦብሬኒያ።

ቪዶሳቫ ብየዳውን ዝቅ ብላ አየችው። ከደስታዋ በረድ አለች። «እኔው ነኝ። አምና መከር ላይ፣ ለሚቀጥለው ጥገና ይመቸኛል ብዬ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ገና አይነግረንም ነበር» አለች ኦብሬኒያ። «ቁረጪውና እንሂድ።»

ሽቦውን ቆረጠች፤ መስመሩ ጸጥ እንዲል ትንሽ ሬዚስተር በየደችለት። ቀበቶው እየዞረ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ተነሳች። ለአራተኛው እጇን ስትዘረጋ ኦብሬኒያ ማብሪያውን በጀርባዋ ጋረደችው።

«ሰባቱን ነገ!»

ኮምፕሬሰሩ አጓራ፤ ሣጥኖቹ መግባት ጀመሩ። ሚሎዬ የፕለም አረቄ ቀዳላት። አልነካችውም። ያውቃታልና በሲኒ ማስቀመጫ ከደነው።

በማግስቱ ለቃሚዎቹ ሳይመለሱ መጣች። አጠፋች፣ አበራች፤ ከአራት ጀምራ በጣቷ ቆጠረች። አሥር ሲሞላ ከአረቄው ላይ ክዳኑን አነሳች።