ፊቱ ክፍት የሆነው ዳይኖሰር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሠራሁት ገሳ ፊቱ ላይ ጠቦ ነበር። ገሳ ገበሬው በክረምት ከአናቱ እስከ ጀርባው የሚደፋው የሣር ልብስ ነው። አባቴ ደፍቶት ሁለት እርምጃ ሄደና አወለቀው። «ለባሹ መንገድ ማየት አለበት» ብሎ ፈታው።

ከዚያ ወዲህ ገሳ እየሸጥኩ ከስማዳ እስከ እስቴ ገበያ ለገበያ ስዞር ኖርኩ። ኋላ ላስቲክ መጣና ገሳ የሚጠይቅ ጠፋ። በስተርጅናዬ መካነ ኢየሱስ ልጄ ዘንድ ተቀምጬ፣ አንድ አጸደ ሕፃናት በሞግዚትነት ገባሁ።

አንድ ቀን መምህርቷ በስልኳ ዳይኖሰር የሚሉትን አሳየችን። እሱን የሚመስል ልብስ ከልጆቹ ጋር ለወላጆች ቀን እንድንሠራ ነው። ሌሎቹ ሲስቁ፣ እናኑ የምትባለው ትንሿ ቀሚሴ ሥር ተሸጎጠች። ትምህርት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ታለቅሳለች። መምህርቷም እንዲህ ከቀጠለች ለከርሞ ትምጣ ብላኝ ነበር። አሳዘነችኝ።

ጆንያ አመጣሁ። የታቹን አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስትከቱት ቆብ ይወጣዋል፤ ያው የገሳ ቅርጽ ነው። ልጆቹ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፤ እኔንም ቀቡኝ። ካርቶን በሾጣጣው እየቆረጡ ሰጡኝ፤ በወስፌ እየበሳሁ ከአናቱ እስከ ጀርባው በሲባጎ ሰፋሁት። ከተረፈው ጆንያ ጅራት ሰፍቼለት፣ እናኑን ውስጡ ጭድ ጠቅጥቂ አልኳት።

«እማማ፣ ሲርበው ምን ይበላል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የምታጎርሽው አንቺ ነሽ። ምን ሰጠሽው?»

«ጭድ።»

«በቃ፣ ጭድ በሊታ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አልፈራችውም። እኔ ልልበሰው አለች።

መምህርቷ ግን ፊቱ ይሸፈን፣ ለዓይን ብቻ ቀዳዳ ይተው አለች። የአባቴን ቃል እያወቅሁ እሺ ብዬ ሰፋሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እናኑ ስትለብሰው ጨለመባትና ጮኸች። አውልቃ ጥላው ሄዳ በሩ ሥር ቆመች።

ስፌቱን ተረተርኩት።

«እማማ፣ ፊቷ ከታየ ምኑን ዳይኖሰር ሆነ?» አለች መምህርቷ።

«ልጄ፣ ገሳም ፊት አይከድንም። ሕፃኗ እኛን ማየት አለባት።»

መምህርቷ በጥርስ ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን አነሣችና በግንባሩ በኩል እንድሰፋው ሰጠችኝ።

የወላጆች ቀን እናኑ ጅራቷን እየጎተተች መሐል ድረስ ገባች። እናቷን በዓይኗ ፈልጋ እስክታገኛት ቆመች፤ ስታገኛት አገሳች። ጭዱ ከበሩ ጀምሮ ፈሶ ነበር፤ የጠረግሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሳታለቅስ መጣች።

ለልጅ ስትሰፉ ፊቱን ክፍት ተዉለት።