ቲቸር ስሜነህ፣ የወንዝ ዳሩ አስተማሪያችን

አላምንም። ዛሬ ጠዋት ከኮኪት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደውሎ «ቲቸር ስሜነህ አረፉ» ሲለኝ «የትኛው ስሜነህ?» አልሁት። ሌላ ስሜነህ እንደማናውቅ ሁለታችንም እናውቃለን። 

ጡረታ ወጥተው ጎንደር ከገቡ ወዲህ መታመማቸውን እንኳ የሰማ የለም። ሆስፒታል ብቻቸውን ተኝተው ነበር አሉ።

ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውምና ልንገራችሁ። ከመተማዋ ኮኪት ወጣ ብላ ጓንግ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤታችን ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዋናም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዋና አስተምሩ ያላቸው ሰው አልነበረም። ተወልደው ያደጉት ዘጌ፣ ጣና ዳር ነው። ወደኛ በመጡበት የመጀመሪያ ክረምት ግን ወንዝ ልጅ ሲወስድ አዩ።

ልጁ ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ነበር። ለአባታችን ምሳ ይዞ ወደ እርሻ ሲሻገር ነው። የቆላ ሰው ይህን ያውቃል፤ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደጋው ዘንቦ፣ ደረቅ ነው ብለህ የገባህበት ወንዝ ከላይ ሞልቶ ይመጣብሃል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የወንዙ ስም ሲነሳ እንኳ ፊቷን ታዞር ነበር። ሰሊጡ ተሰብስቦ፣ ውሃው ሲረጋ፣ ቲቸር ቤታችን መጡና እኔን «ዋና ላስተምራት» አሏት።

«ፊደል ያስቆጥሩልኝ ብዬ ሰጠሁዎ እንጂ ዓሣ ያርጉልኝ መች አልሁ?» አለቻቸው።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ቤታችሁ ወዲህ፣ እርሻችሁ ወዲያ ማዶ ነው። ይች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ትሻገረዋለች። ሳታውቀው ትሻገረው ወይስ አውቃው?»

እናቴ እጄን ወደሷ ሳብ አድርጋ «እኔ ካልያዝኋት አትገባም» አለች።

በቃ፣ ደንቡ እሱ ሆነ። ቲቸር የሰሊጥ ጆንያ መኪና ላይ የሚታሰርበትን ገመድ ለምነው አመጡ። አንዱ ጫፍ ልጁ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ወላጁ ይይዛል። ያለ ወላጅ ውሃ መግባት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የወንዙ ዳር በእናትና በአባት ይሞላ ጀመር። እኛ ሴቶቹ ከነቀሚሳችን፣ ባዶ ጀሪካን አቅፈን እንገባለን። «አትታገሉት፣ ተኙበት፤ ይሸከማችኋል» ይሉናል። ክፍል ውስጥ ረጅም ቃል ሲያንቀን የሚሉንም ይችኑ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ገመድ ይዞ የተቀመጠ ሰው አንድ እጁ ሥራ ፈት ነው። ቲቸር ይህን አዩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ሰሌዳውን አሸክመውን ወረዱና ግራሩ ላይ አስደገፉት። ወላጆቻችን በአንድ እጃቸው እኛን ይዘው በሌላው እርጥብ አሸዋ ላይ ፊደል መጻፍ ጀመሩ።

ባለሱቁ ሐጅ ኢድሪስ ከልጅነታቸው የሚያነቡት ዐረብኛ ነውና ሀ ሁን ከቀኝ ወደ ግራ ደረደሩት። ሰው ሁሉ ሲስቅ ቲቸር ጎንበስ ብለው አዩና «ሐጅ፣ በየትም በኩል ይምጡ፤ ቁም ነገሩ መድረስዎ ነው» አሏቸው። ሐጅም «ተማም፣ ልክ ነው» ብለው በመዳፋቸው አጠፉና እንደገና ጀመሩ።

እናቴ ብቻ አትጽፍም። ገመዱን ሁለት እጇ ላይ ጠቅልላ፣ ትንሽ ፈቀቅ ስል ትስበኛለች። ከልጆቹ ሁሉ ወደኋላ የቀረሁት እኔ ነበርሁ። «የታሰረች ጥጃ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቲቸር አጠገቧ ቁጢጥ ብለው የሆነ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት የነገረችኝ በኋላ ነው። «የጌትነት ስም እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይዎ?» ነበር ያሏት።

እኔ ጀሪካኑን ለቅቄ መሃል ደርሻለሁ። ገመዱ ሲላላ ተሰማኝ። ዞር ስል ጫፉ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይከተለኛል። እናቴ ተንበርክካ፣ በአንድ እጇ አሸዋውን እያስተካከለች በሌላው እየጻፈች ነበር። ቲቸር አይተዋል፤ ግን አልጮኹም። ጫማቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ገቡና፣ ሳይነኩኝ፣ ከጎኔ ዋኙ።

እናቴ ቀና ስትል እኔ ማዶ ቆሜያለሁ። የወንድሜ ስም ጉልበቷ ሥር ነው። እንደዚያ ስታለቅስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ዋኝቼ ስመለስ ገመዱን ከወገቤ ራሷ ፈታችው።

አሁን እኔም መተማ ዮሐንስ አስተማሪ ነኝ። ሰው ስንት ነገር ቢያይ ነው እንደሳቸው የሚያስተምር እላለሁ። 

መርዶውን ለእናቴ የነገርኋት እኔ ነኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቲቸር አላገቡም፣ አልወለዱም፤ ይህን ታውቃለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ለሳቸውስ ገመዱን ማን ያዘላቸው?»

ቲቸር፣ ማንም አልያዘልዎትም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ብናውቅ ኖሮ መንደሩ ባዶ እስኪቀር እንመጣ ነበር።

ነገ ዘጌ ይቀበራሉ ተብሏል። ከቆላ ሰው ተነሥቷል፤ ሐጅ ኢድሪስም መኪናው ላይ ናቸው። ሣጥንዎ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ገመዱን የምንይዘው እኛ ነን። እናቴ ከፊት ትይዛለች፤ ሴት አይዝም የሚላት ካለ ይሞክር ብላለች።

ደህና ይሁኑ፣ አስተማሪዬ። ቀስ አድርገን ነው የምናወርድዎ።