የጋሪዋ እመቤትና የእናቴ ቋንጣ

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከምሠራበት የቅመማ ቅመም ሱቅ በር አጠገብ፣ አንድ ሰው በካርቶን አሮጌ መጻሕፍት ትቶ ሄደ። «ፍሪ»፣ በነፃ ውሰዱ ብሎ ጽፎበታል። እኔ ቆሜ ካርቶን የምበረብር ሰው አይደለሁም፤ ትዕግሥቱ የለኝም። ግን ከላይ ያለውን ሽፋን ሳየው እጄ ቀደመኝ። በሸራ የተሸፈነች የፈረስ ጋሪ፣ ከኋላዋ እግሯን አንጠልጥላ የተቀመጠች ልጅ። በልጅነቴ ከላይብረሪ እየተዋስኩ፣ እየመለስኩ፣ እንደገና እየተዋስኩ ያነበብኩት መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አባት፣ እናትና ልጆች ያላቸውን ሁሉ ጋሪ ላይ ጭነው ሰው ወደሌለበት ሜዳ ይሄዳሉ፤ ቤት ይሠራሉ፤ ብርዱን ይሻገራሉ። ሰው የሌለበት የሚለው መጽሐፉ ነው። የመሬቱ ባለቤቶች የት እንደገቡ አንድም ቦታ አይናገርም፤ ይሄን ሃይስኩል ገብቼ ስረዳ ተናድጄበታለሁ። ያም ሆኖ ያንን ቤተሰብ መውደድ አልተውኩም። የጎደላቸውን በእጃቸው ይሠሩታል፣ አለቀ።

ያኔ ፓልምስ ሰፈር ውስጥ ጠባብ አፓርትመንት ነበር የምንኖረው። አባዬ የፓርኪንግ ሥራውን ትቶ የጭነት ትራክ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ ሰኞ የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ምሥራቅ ሊጀምር ነው። የውጭ ምግብ ሆዱን ያሳምመዋል፤ ታሞ ከመንገድ ቢመለስ ደግሞ የሚጠብቀው ሌላ ሥራ የለም። ስለዚህ እማዬ ሥጋ ዘልዝላ፣ በበርበሬና በጨው አሽታ፣ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሲባጎ ወጥራ ቋንጣ ሰቀለች። ወደ ሶፋው የምናልፈው ጎንበስ ብለን ነው። ማራገቢያው ፋን ሲዞር ሥጋው ይወዛወዛል። የትምህርት ቤት ሹራቤ ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት አፍሬ ሞቻለሁ።

ታዲያ በዚያው ሳምንት፣ ከቋንጣው ሥር ተጋድሜ ሳነብ፣ የጋሪዋ እመቤት ሥጋ ሰንጥቃ ምድጃው አጠገብ ስትሰቅል አገኘኋት።

«እማዬ! እሷም ቋንጣ ሰቅላለች!»

«ማናት እሷ?»

ሥዕሉን አሳየኋት፤ ታሪኩን በአማርኛ ነገርኳት።

«በምን አሸችው?»

«በጨው።»

«ከዚያስ?»

«በቃ። ጨው ብቻ።»

«ውይ፣ ምስኪን ባሏ!» አለች፣ ከልቧ አዝና።

ሐሙስ ማታ በራችን ላይ ኖቲስ፣ ማስታወቂያ፣ ተለጠፈ፤ ነገ ጠዋት የሕንፃው ማኔጀር የጭስ አላርሙን ልታይ ትገባለች። ከዚያ በፊት ባልኮኒ ላይ በርበሬ አስጥተን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶናል። አባዬ ደነገጠ።

«አውርጂው። ከቤቱ ያስወጡናል።»

«ውስጡ ገና እርጥብ ነው። አሁን ከወረደ ይበላሻል።»

«ይበላሻ!»

«አንተስ በረሃ መሃል ሆድህን ይዘህ ስትቀመጥ? ይቆያል አልኩ!»

ቆየ።

ጠዋት ማኔጀሯ ዶና ገባች፤ አንዱ የሥጋ ዝልዝል ፀጉሯን ነካት። ቀና ብላ አየች። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች በእንግሊዝኛ። አባዬ ወለሉን ያያል። እማዬ ወገቧን ይዛ ቆማለች። እኔ ሮጥኩና መጽሐፉን አምጥቼ ሥዕሉን አፍንጫዋ ሥር ገለጥኩላት።

«አባቴ ሰኞ ሩቅ አገር ይነዳል። ይሄ ስንቁ ነው። ልክ እንደነሱ።»

ዶና መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን አየች፣ ሥጋውን አየች፣ እናቴን አየች።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

«ገና ምንም አላለችም።»

«ቅመሺ በያት።»

ፋኑ አጠገብ ካለው፣ ቀድሞ ከደረቀው፣ ቆርሳ ሰጠቻት። ዶና አኘከች። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የመጽሐፉም እንዲህ ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም» አልኳት፣ በኩራት።

ሳል እያነቃት ወንበር ላይ ወጥታ አላርሙን ጫን አደረገችው፤ ጮኸ፤ ወረደች። «እስከ ሰኞ ይነሳ። ባልኮኒ ላይ ግን እንዳላይ» ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ አባዬ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ፤ እማዬ ደግሞ ሲባጎው የላላበትን ማጥበቅ ጀመረች።

ሰኞ አባዬ ቋንጣውንና እማዬ ያዘጋጀችለትን የእንጀራ ድርቆሽ በከረጢት ይዞ ሄደ። የመጽሐፉ ሰዎች ወደ ምዕራብ፣ የኔ አባት ወደ ምሥራቅ። ደህና ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም ይነዳል።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁ ጭር ሲል ያንን ገጽ ፈለግኩት። በሐሳቤ ሙሉ ምዕራፍ ነበር። ለካ ጥቂት መስመር ነው! ሥዕሉም ትንሽ፤ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ፊቷ አይታይም። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት አውቀዋለሁ ብዬ ኖሬያለሁ፤ ኮስተር ያለ፣ ለማንም የማይበገር ፊት። ወገቧን ይዛ ስትቆም ሁሉ አይቻታለሁ። የማን ፊት እንደሆነ ሲገባኝ ስልኬን አነሳሁ።

«እማዬ፣ የጋሪዋን መጽሐፍ አገኘሁት። ቋንጣ የሰቀለችዋን፣ ታስታውሺያታለሽ?»

«እንዴት እረሳታለሁ!» አለች። «እስካሁን በጨው ብቻ ናት?»

«እስካሁን፣ እማዬ።»