ጉድጓድ ዳር የቆመችው ሴት

የዓለምጸሐይን ነገር ልጽፍ ስነሣ፣ አንዳንዱ ሰው «የቄስ ሚስት ጌም ትነካካ ነበር ልትይን ነው?» ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ይሳቅ። እኔ ላቀች፣ አርብ ገበያ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእሷን ሱቅና የእኔን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፓርሳቶ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናዬ ዝም ሲል ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ስለዚህ የማላውቀውን አላወራም።

ሱቋ ሚሞሪ ቤት ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አላት። ገበሬው አርብ አርብ አህያውን አስሮ ይመጣና ከስልኩ ውስጥ ሚሞሪውን አውጥቶ ይሰጣታል፣ እሷም ዘፈን ትጭንለት ነበር። ካገባች በኋላ ግን ዘፈኑ ቀረና መዝሙር ብቻ ሆነ። «የቄስ ሚስት ዘፈን ጫነች» እንዳይባል ነው። ስንቱ ጎረምሳ የፍቅር ዘፈን ፈልጎ መጥቶ የንስሐ መዝሙር ተሸክሞ እንደ ተመለሰ እግዜር ይወቀው።

አገባቧን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ በሰማንያ ሁለት ጊዜ አግብቼ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። በእኛ አገር ይህ ጉድ አይባልም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በሬውም እህሉም ይካፈላል፣ ሁሉም በየመንገዱ ይሄዳል። የቁርባን ጋብቻ ግን ሌላ ነው። በቁርባን የተጋቡትን የሚለያቸው ሞት ነው፤ ባልየው ቄስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እሷ ባገባችበት ዓመት በሰፈራችን ሚካኤል ከነበሩት ሁለት ቄሶች ትልቁ ዐረፉ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቆምም። ስለዚህ ቅዳሴው ታጎለ። ክርስትና የሚነሣው ሕፃን ሳይነሣ ሰነበተ፣ ቆራቢው ሳይቆርብ ጾሙ ተፈታ። እናቶች የመቅደሱን በር እየተሳለሙ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አገሩ ተመካከረና የመሪጌታ ተክለ ማርያምን ልጅ ዲያቆን ይታየውን ለቅስና መረጠ። ቄስ ለመሆን ግን አስቀድሞ ማግባት አለበት፣ ያውም ድንግል፣ ያውም በተክሊል። የሁሉም ዓይን ዓለምጸሐይ ላይ ዐረፈ።

እሷ ያኔ ንፋስ መውጫ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ ሱቁን መክፈቷ ነበር፤ ሐሳቧ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ገብታ መቀጠል ነው። አባቷ «ትምህርት የትም አይሄድም፤ ታቦት ግን አይጠብቅም» አሏት። አገባች። ይታየው ከጳጳሱ ዘንድ ቅስና ተቀብሎ በተመለሰ በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴው ተቀደሰ፣ እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ከቄሱ ይልቅ እሷን እየሳሙ «ቅዳሴያችንን የመለስሽልን!» ይሏት ነበር። እሷም ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ባሏን ክፉ ብል እግዜር ይፈርድብኛል። ትናንት «አንተ ይታየው» የምለውን ልጅ ዛሬ «አንቱ» እለዋለሁ፤ እና ደግ ሰው ናቸው። አይማቱም፣ አይሰክሩም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ የምንረግመው ሰው ይኖረን ነበር።

ከሳውዲ ሰው ሁሉ በሚመለስበት ጊዜ ታናሽ እኅቷ ሕሊና ከሪያድ መጣች። ከሻንጣዋ ውስጥ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ መስተዋቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ የጌም መጫወቻ አወጣች። ፒኤስፒ ይሉታል። «የአሠሪዎቼ ልጅ አዲስ ሲገዛለት የጣለው ነው፤ አንች መነካካት ስለምትወጅ አመጣሁልሽ» ብላ ሰጠቻት።

በውስጡ የነበረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ሰይፍ ታጥቆ ከመንደሩ ይነሣል፤ ሰው እያነጋገረ፣ አውሬ እየገደለ፣ እየበረታ እየበረታ አገር ያቋርጣል። መጨረሻው ታላቁ ባሕር ነው። በመጀመሪያው መንደር፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጉድጓድ ዳር የቆመች አንዲት ሴት አለች። ልጁ ቀርቦ ቁልፉ ሲጫን፣ በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጣህ፤ ዛሬ ውኃው ንጹሕ ነው» ትለዋለች። ደግሞ ሲጫን ያንኑ ትላለች። ቀኑን ሙሉ ቢጫን ያንኑ ነው። ታዲያ እሷን ሳያነጋግር የመንደሩ በር አይከፈትለትም።

ዓለምጸሐይ ይችን ሴት ስታይ ሣቀች። በጣም ሣቀች፣ ከዚያ ቁልፉን ደግማ ተጫነች።

«እትዬ ላቀች፣ ይችን ሴትዮ እኮ አውቃታለሁ» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተጫውቶ ያልፍ ነበር። እሷ ግን የጌሙን ሆድ ዕቃ ካላየሁ አለች። መጫወቻውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ፋይሎቹን ብትከፍት ቁጥር በቁጥር ሆነባት። ቁጥሩን የሚፈታ ፕሮግራም አስፈለጋት። የአርብ ገበያ ኔትወርክ ደግሞ አንድ መዝሙር ለማውረድም ያስለቅሳል፤ ንፋስ መውጫም የቄስ ሚስት ናትና ብቻዋን አትሄድም። ስለዚህ እኔ ክርና ዚፕ ልገዛ ስሄድ በፍላሽ ላመጣላት ሆነ። የኢንተርኔት ቤቱ ጎረምሳ የፕሮግራሙን ስም ሲያይ ዓይኑን አፍጥጦ፣ «እናቴ፣ ይኸ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «ለልብስ ስፌት ነው» ብዬ አፉን አስያዝሁት።

ከዚያ ወዲያ መዝሙሩን ከፍ አድርጋ ከግድግዳው ማዶ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ስታንኳኳ መዋል ሆነ። ከቁጥሩ ሁሉ መካከል የሴትየዋን ንግግር ፈልጋ አገኘችው። ጌሙ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ፣ በስልክ መልእክት እንደምንጻጻፈው በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ጻፈችበት። ጠርታ አሳየችኝ። ልጁ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ፣ ተጫነች፣ ሴትየዋም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነን» አለች። ደግማ ተጫነች። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነን።» እኔ በሣቅ ልፈነዳ ደረስሁ። ዓለምጸሐይ አልሣቀችም።

«አሁን ትክክል ሆነች» አለች።

«እንግዲህ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ከዚያ ጉድጓድ ላነሣት ነው። በበሩ አውጥቼ እስከ ባሕሩ አደርሳታለሁ።»

ብዙ ለፋችና አንድ ቀን አነሣቻት። ጉድጓዱ ብቻውን ቀረ። ልጁ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ተገተረ። እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ አይራመድም። በሩ የተሠራው እሷ እዚያ ቆማ እንድትጠብቀው ሆኖ ነው።

«አየሽ፣» አለችኝ፣ «እሷ ከሄደች የማንም መንገድ አይከፈትም።»

መልሳ ጉድጓዱ ዳር አቆመቻት።

በዚያው ሰሞን ከደብረ ታቦር ተደወለላት። ያኔ የተወችው የኮምፒውተር ትምህርት ዘንድሮ ቦታ ተገኝቶለታል፤ እስከ አርብ ቀርባ ካልተመዘገበች ግን ለሌላ ይሰጣል፣ ከእንግዲህም አይጠብቃትም። ስትነግረኝ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ባሏን ስትጠይቃቸው «እኔስ እሺ ባልሁ፤ የአባቴን ቃል ግን እንስማ» አሉ።

አማቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ራሳቸው ወደ ሱቋ መጡ። የስፌት መኪናዬን አቆምሁ። የሰው ነገር ማድመጥ ነውር ነው፤ ግድግዳው ኮምፓርሳቶ ከሆነ ግን ምን ላድርግ?

«ልጀ፣ ትምህርት ጠልቼ አይደለም» አሏት። «እኔም ቤተልሔም ገዳም ድጓ ስማር ቁራሽ እየለመንሁ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁ። ነገር ግን የቄስ ሚስት ከተማ ብቻዋን አታድርም። አንችን አምንሻለሁ፤ የሰው አፍ ግን አይታመንም። አንዱ ተነሥቶ 'ከሌላ ጋር አየኋት' ያለ እንደሆነ፣ ነገሩ እስኪጣራ ይታየው መቅደስ አይገባም። እሱ ካልገባ ቅዳሴው ይታጎላል። ያኔ የታጎለበትን ጊዜ አንችም አትረሽውም።»

«አልረሳሁትም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ምን ትያለሽ?»

ዓለምጸሐይ መዝሙሩን ዝቅ አደረገች። ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ተባረኪ ልጀ!» ብለው መርቀዋት ወጡ። እሺ ያለች መስሏቸው ነው።

እኔ ዘልዬ ገባሁባት። «ሂጅ!» አልኋት። «ምን አባቱ! እኔ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሰማይ አልተደፋብኝም!»

«እትዬ ላቀች፣ አንች ስትሄጅ የፈረሰው ያንች ጎጆ ነው። እኔ ብሄድ የሚዘጋው ቤተ ክርስቲያን ነው።»

ሰንሰለት ቢሆን በመጋዝ ይቆረጣል፤ ይሉኝታን የሚቆርጥ መጋዝ ግን አልተሠራም። እየተራገምሁ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስሁ፤ የማን ሱሪ እንደ ሆነ እንጃ፣ አንዱን እግር ከሌላው ጋር ሰፍቼው አገኘሁት።

አርብ ጠዋት ግን ትንሽ ቦርሳ ይዛ መጣችና የሱቋን ቁልፍ በእጄ አስጨበጠችኝ። «ቢጠይቁሽ ዕቃ ልታመጣ ሄደች በያቸው» አለች። እኔ በደስታ የምይዘው የምለቀው ጠፋኝ፤ ነጠላዋን አስተካክዬላት እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። የንፋስ መውጫው ሚኒባስ ውስጥ ገብታ መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠች።

ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ የቄስ ሚስት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቄስ ደህና ናቸው? አባትሽ ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነን።»

ገብስ የጫነውም፣ ዶሮ ያንጠለጠለችውም፣ ሁሉም በዚያ መስኮት አለፈ። ሁሉም በፍቅር ነው የሚስቅላት። በመርፌዬ አንድ በአንድ ብወጋቸው ደስታዬ ነበር።

በመጨረሻ ደስታ የምትባለው ጎረቤቴ ተጣራች፤ ጨቅላዋን በጀርባዋ አዝላ እየሮጠች መጣች። «እሰይ አገኘሁሽ! ነገ የልጀ ክርስትና ነው፤ ቄስ እንዳይረሱብኝ አደራ!» አለች። «ያ የፊተኛው ልጀ እኮ ቅዳሴው ታጉሎ፣ የቀሩት ቄስም ሳይደርሱለት፣ ሳይጠመቅ ነው የሞተብኝ። አንች ባትኖሪ ይኸንስ ማን ያጠምቅልኝ ነበር? እስቲ ያዥው፣ ሳሚልኝ።» ሕፃኑን አውርዳ በመስኮቱ አቀበለቻት።

ዓለምጸሐይ ተቀበለችው። አየችው። ሕፃኑ እንደ ሕፃን ሁሉ አዛጋ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። ግንባሩን ስማ መለሰችው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፣ ረዳቱ «ንፋስ መውጫ! ሞላ፣ ሞላ!» እያለ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ «ወራጅ አለ» አለች።

ማንም አልጎተታትም። ማንም አልከለከላትም። በቦርሳዋ ሰው እየገፋች ወረደችና ለደስታ «እነግራቸዋለሁ፤ አይረሱም» አለቻት። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። ንዴት ነው ያስለቀሰኝ። ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ሱቋን ከፈተች።

በማግሥቱ ሕፃኑ ተጠመቀ። እኔም እልል ብያለሁ፤ ለሕፃኑ ነው እንጂ ለሌላው አይደለም።

ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ጌም አልወጣችም። ስለ ደብረ ታቦር አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁባት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በመካከሉ ቁልፎቿ ሲንኳኩ እሰማለሁ። መስቀል ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፓርሳቶውን አንኳኳችው።

«እትዬ ላቀች፣ ነይ! በሩ ተከፈተ!»

ሄድሁ። መጫወቻውን በእጄ ሰጠችኝና ልጁ እንዴት እንደሚነዳ አሳየችኝ። በመንደሩ ውስጥ አስኬድሁት። ጉድጓዱ ዳር ማንም የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ልጁም ማንንም ሳያነጋግር አለፈ። ከደስታ ብዛት ጮኽሁ። ለእኔ ብላ አውሬዎቹን ሁሉ አጥፍታልኝ ስለነበር ጫካውን ያለ ውጊያ አለፍሁ፣ ድልድዩን ተሻገርሁ፣ በረሓውን አቋረጥሁ። «ደርሰሻል፣ ትንሽ ቀረሽ» እያለች ከጎኔ ትስቃለች። ካገባች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ባሕሩ ጋ ደረስሁ። እዚያ አሸዋው ላይ፣ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ፣ ሴትየዋ ቆማለች። ልጁን አስጠጋሁትና ቁልፉን ተጫንሁ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነን» አለች።

የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ ተጫንሁ። ያንኑ አለች።

«ምነው ልጀ? እስከዚህ ድረስ አምጥተሻት፣ ቃሏን ምነው ሳትቀይሪው?» አልኋት።

ዓለምጸሐይ መጫወቻውን ከእጄ ወስዳ የተሰነጠቀውን መስተዋት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ሞከርሁ፣ እትዬ ላቀች» አለችኝ። «በሩን ከመክፈት ይልቅ በዚህ ነው የለፋሁት። ሌላ ምን እንደምትል አላወቅሁም።»