ዋንዛውን አልቆርጥም!

ዛሬ ሮቢት ከተማ ላይ ሰው በተሰበሰበበት «ሜትር ማንበብ የማይችል አናጢ» ተባልኩ። እኔ!

(ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።)

ጋሽ ይመር እሑድ ወንድ ልጃቸውን ይድራሉ። ለሙሽሮቹ መኝታ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክክ የሚል የዋንዛ ቁም ሳጥን አዘዙኝ። ከቆቦ ድረስ ሄጄ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ለካሁ። ወር ሙሉ ሠራሁት።

ዛሬ በአይሱዙ ጭኜ ወሰድኩት። አራት ሆነን ክፍሉ ውስጥ አስገባነው፤ ቦታው ላይ ግን አልገጥም አለ። በአራት ጣት ረዘመ።

«ሜትር ማንበብ የማይችል አናጢ! በል ከጫፉ ቁረጠዋ!» አሉኝ ጋሽ ይመር፣ ዱባ ያመጣሁላቸው ይመስል።

ግራ ገብቶኝ ግድግዳውን ብደገፍ ትከሻዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ለካ እኔ ለክቼ ከሄድኩ በኋላ፣ ሠርግ ነው ብለው ክፍሉን እንደገና መርገውታል! ያውም በወፍራሙ!

«ታዲያ ሙሽራ የተሰነጠቀ ቤት ትግባ?» ብለው ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራም ተቆጡኝ።

ኧረ አትመርጉ አላልኩም! ንገሩኝ ነው ያልኩት። ስልክ አለ፣ ባጃጅ አለ!

«ወላሂ ዋንዛውን አልቆርጥም፤ ጭቃውን ፋቁት» አልኩ። እነሱም አንፍቅም አሉ።

ቁም ሳጥኑን ግቢ ውስጥ አቁሜው ወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ እትዬ ዘሀራ ለሙሽራዋ የተገዛውን ቀሚስ እዚያው ደጅ ላይ እየሰቀሉበት ነው። ለቀሚሱስ ልክ ነው ማለት ነው!

የሙያ ወንድሞቼ፣ ለክታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ቤት የወፈረባችሁ አላችሁ? ብቻዬን እንዳላብድ ጻፉልኝ።