በሰም የተደፈነች ታንኳ

አሞጽ ቀፎ ሠሪ ነው። በሸኮ አካባቢ ጫካ ውስጥ እሱ ቀፎ ያልሰቀለበት ትልቅ ዛፍ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ጎረቤቴ ነውና እጁን አልክድም፤ ግትርነቱን ግን እግዜር ይይለት።

የእንጨት ድልድያችንን ጎርፍ ሲወስደው ታንኳ እሠራለሁ ያለው እሱ ነው። ዋንዛ መረጠ፤ እዚህ ድረስ ደግ ነው። እኛ ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀሩ እያልን ስለወተወትነው ግንዱ ሳይደርቅ በርጥቡ ፈለፈለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንጨቱ ሲደርቅ ወለሉ ተሰነጠቀ።

ሚዛን ገበያ ብረታ ብረት የሚሸጠው ዐብዱልጀባር መላውን ነግሮት ነበር። «ጋሽ አሞጽ፣ መጀመሪያ የከመነዳሪ ጎማ አንጥፍበት። በላዩ ላሜራ አድርገህ በማይዝግ ቡሎን ጥብቅ አድርገህ እሰረው።»

«የእኔ ሰም ስንት ክረምት የቻለ ነው!» ብሎት ባዶ እጁን ተመለሰ። ስንጥቁን እንደ ቀፎ በሰም ደፈነው። ዝናብና ወንዝ አንድ መስሎት!

ታንኳዋ ወንዝ የወረደች ቀን ሁላችንም ዳር ቆመን ተያየን። ቀድሞ የሚሳፈር ጠፋ። በመጨረሻ ሚስቱ በየነች ገብታ ተቀመጠች። ዋና አትችልም።

«ባሌ ሠርቷት እኔ ካልገባሁ ማን ሊገባ ነው?» አለች። አሞጽ መቅዘፊያውን ይዞ ተከትሏት ገባ።

ታንኳዋ ፀሐይ ላይ ውላ ሰሙ ለስልሷል። መኻል ወንዝ ሲደርሱ አሞጽ ድንገት መቅዘፉን አቆመ።

«ሰሙ ለቀቀ! እንዳትነሺ፣ እንገለበጣለን!»

ሴቶቹ ኢየሱስን እየጠሩ ጮኹ። በየነች ግን ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ስንጥቁ ላይ ተከለችና በሁለት እጇ ጉልበቷን ወደ ታች ተጫነች።

«ቅዘፍ» አለችው።

ታንኳዋን ወደ እኛ አዞራት። ውኃው ባቷ ድረስ ደርሷል፤ ታንኳዋ እየከበደች ነው። እሱ እያለቀሰ ይቀዝፋል፤ እሷ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ዳር ሲደርሱ በየነችን ከታንኳዋ ጎትተን አወጣናት። እግሯን ስታነሳ ውኃው ከስንጥቁ እንደ ምንጭ ፈለቀ።

«ማንም እንዳይገባባት» አለ አሞጽ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

በማግሥቱ አብሬው ሚዛን ወረድኩ። ዐብዱልጀባር የላሜራ መቀሱን አነሳ።

«ምን ያህል ልቁረጥልህ?»

አሞጽ ከከረጢቱ የበየነችን የላስቲክ ጫማ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ይቺን ታክል። ዙሪያውን ጨምርበት።»